በአዲስ አበባ ዳርቻ የቆየ ባለ ፊልም ካሜራ አፈላለግና የዋጋ አተማመን

በአዲስ አበባ የቆየ ካሜራ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው መርካቶን ወይም ፒያሳን ነው። በእኔ ግምት ግን ዛሬ ፍለጋው የሚያዋጣው ከመሃል ይልቅ በዳርቻው ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ፣ ወደ ቦሌ አራብሳና ወደ ሌሎች የዳር መንደሮች ሲገቡ፣ ለብዙ ዓመታት ከአልጋ ሥርና ከቁም ሣጥን አናት ያልወረደ ዕቃ አብሯቸው ተጓጉዟል። ከእነርሱ ቀደም ብለው በጀሞ፣ በየካ አባዶና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገቡትም ያመጡት ዕቃ ከዚህ የተለየ አይደለም። አዲሱ ቤት ከአሮጌው ግቢ ስለሚጠብ ቦታ ያጣው ዕቃ ይሸጣል፣ ለዘመድ ይሰጣል፣ አለዚያም ለቁራሌው ይወጣል፤ ካሜራም ከዚያ መካከል አለበት።

ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት መያዝ ያለበት አንድ ሐሳብ አለ። በሌላ አገር የካሜራ ዋጋ በስሙና በዕድሜው ሊወሰን ይችላል፤ ፊልም በየሱቁ በማይገኝበት፣ የካሜራ ጠጋኝም በፍለጋ በሚገኝበት በእኛ ከተማ ግን የአንድ ካሜራ ዋጋ፣ ከሚሠራ ተመሳሳይ ካሜራ ዋጋ ላይ የመጀመሪያውን ጥሩ ፎቶ እስኪያነሣ ድረስ የሚጠይቀው ወጪ እየተቀነሰ መተመን አለበት። ስለዚህ ስሙ የገነነ ነገር ግን የማይሠራ ካሜራ፣ ስሙ ካልገነነ ነገር ግን ከሚሠራ ካሜራ ብዙ ጊዜ ያነሰ ዋጋ ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ በዚሁ ስሌት ላይ የቆመ ነው።

በቤተሰብ እጅ ያለው ካሜራ ከየት እንደመጣ ማወቅ ምን እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ይነግራል። በደርግ ዘመን፣ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፣ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ሲመለሱም ዜኒት፣ ፌድ፣ ዞርኪ፣ ስሜና ወይም ፕራክቲካ ይዘው የመጡ አልጠፉም። ከዐረብ አገርና ከአውሮፓ የመጣው ደግሞ በአብዛኛው ካኖን፣ ያሺካ፣ ፔንታክስ፣ ኦሊምፐስና ሚኖልታን የመሳሰለ የጃፓን ሥሪት ነው። በፎቶ ቤቶች ጓዳ የሚገኘው ከሁለቱም ይለያል፤ እዚያ ሰፊውን የ120 ፊልም የሚጎርሱ ባለ ሁለት ሌንስ ያሺካዎችና ማሚያዎች ሊገኙ ይችላሉ።

አፈላለጉ ከሰው ጋር ባለ ትውውቅ ላይ የተመሠረተ ነው። በየመንደሩ ከሚዞረው ቁራሌው ጋር መተዋወቅ ከሁሉም ይቀድማል። ለእርሱ ካሜራ ብረትና ፕላስቲክ ነው፤ ከሌላው ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ምናለሽ ተራ ከደረሰ በኋላ ሌንሱ ለብቻው፣ አካሉ ለብቻው ሊሆን ይችላል። ስልኩን ተቀብሎ «ወንድሜ፣ ካሜራ ካገኘህ ክዳኑን ሳትከፍት፣ ምንም ሳትነቅል ደውልልኝ፤ ከብረቱ ዋጋ የተሻለ እከፍልሃለሁ» ማለት፣ ቃልንም ማክበር ነው። ሲደውል መጥቶ ማየት፣ ባይገዛ እንኳ የስልክና የመንገዱን መስጠት ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ያልመጣለትን ሰው ሦስተኛ ጊዜ አይጠራም።

በአቃቂ፣ በሰበታና በቡራዩ ዋና መንገዶች ዳር የቆዩ ፎቶ ቤቶች ሁለተኛው ምንጭ ናቸው። ወደ ዲጂታል ከተዛወሩ ዓመታት ቢያልፉም የድሮውን ዕቃ ሳይጥሉ በመሳቢያ ያኖሩ ባለቤቶች አሉ። እዚህ ቤት ሰተት ብሎ ገብቶ «የሚሸጥ ካሜራ አለ?» ማለት አያስኬድም። በቅድሚያ ጉርድ ፎቶ መነሣት፣ ከዚያም «ጋሼ፣ ድሮ በምን ነበር የሚያነሡት?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ነው፤ በሙያው ያረጀ ሰው ዕቃውን የሚያሳየው ለሚያከብርለት ነው። በዚህ አጋጣሚ በአንድ ጊዜ አራት ጉርድ ፎቶ የሚያወጡ ባለ ብዙ ሌንስ የፖላሮይድ ካሜራዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። መልካቸው ያማልላል፤ ነገር ግን የሚጠቀሙበት ተላጣጭ ፊልም (ፎቶው ከወጣ በኋላ ከሽፋኑ የሚላጥ ዓይነት) ከገበያ ወጥቷል። ፉጂ የመጨረሻውን ዓይነት ማምረት ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. በመሆኑ እነዚህ ለጌጥ ካልሆነ በቀር ገንዘብ አይወጣባቸውም።

በአያትና በሲኤምሲ አካባቢ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ከአገር ሲወጡ የቤት ዕቃቸውን ይሸጣሉ፤ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት የሰኔ ወር ለዚህ አመቺ ነው። የመሥሪያ ቤቶች የንብረት ማስወገጃ ጨረታም አለ፤ ሆኖም ዕቃው በሎት ስለሚሸጥና ሲፒኦ ስለሚጠየቅ፣ አንድ ካሜራ ለማግኘት ብሎ አሥር የተሰበረ ወንበር መግዛት ሊመጣ ይችላል። በቴሌግራም የሚወጣውን በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ ሰጥቼ አበቃለሁ፦ በፎቶ ብቻ አይቶ ቀብድ መላክ አይገባም።

ካሜራው እጅ ላይ ሲደርስ የጀርባ ክዳኑን ለመክፈት አይቸኩሉ። ውስጡ ፊልም ሊኖር ይችላል፤ ያ ፊልም ደግሞ የባለቤቱ ቤተሰብ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያነሣው የመጨረሻ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ በስተግራ አናት ያለችውን ፊልም መልሶ መጠቅለያ እጀታ በቀስታ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ ያዙሩ። ያለ ምንም ተቃውሞ ዝም ብላ ከዞረች አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ጥቂት ዞራ ከወጠረች ግን ፊልም አለ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን እጀታውን ማስገደድ ሳይሆን ለሻጩ መናገር፣ «እትዬ፣ ውስጡ ፊልም አለበት፤ ጠቅልዬ ላውጣልዎትና የሚያሳጥብ ሰው ሲገኝ ያዩታል» ማለት ተገቢ ነው። ከካሜራው ስምምነት በፊት ፊልሙን ለቤተሰቡ ማስረከብ ከጨዋነቱ በተጨማሪ የዋጋ ንግግሩንም ያለሰልሳል።

ቀጣዩ ሌንሱ ነው። የካሜራ ጠላት በአዲስ አበባ አቧራ ሳይሆን የክረምቱ እርጥበት ነው። ካሜራው በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ተዘግቶ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ዓመት ከዓመት ሲያሳልፍ በመስተዋቶቹ መካከል ሻጋታ ያበቅላል። ይህን በቀን ብርሃን ማየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ጥላ ቦታ ሆነው ዲያፍራሙን፣ ማለትም በሌንሱ ውስጥ የብርሃኑን ቀዳዳ የሚያሰፋና የሚያጠብበውን ክፍል፣ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ የስልክዎን መብራት ከሌንሱ በስተኋላ በጎን አስጠግተው ከፊት በኩል ይመልከቱ። አቧራ እንደ ተበተነ ነጥብ ይታያል፤ ጉዳቱም ኢምንት ነው። ሻጋታ ግን ከጠርዝ ተነሥቶ እንደ ሸረሪት ድር እየቀጠነ ወደ መሃል ይዘረጋል። ገና ጠርዝ ላይ ያለ ሻጋታ ሌንሱ ተፈትቶ ሊጠረግ ይችላል፤ ሽፋኑን በልቶ የገባ ሻጋታ ግን ቢጠረግም ጠባሳው አይለቅም። መስተዋቱ ሁሉ እንደ ጭጋግ ከደበዘዘ በፀሐይ ትይዩ የሚነሣ ፎቶ ሁሉ የነጣ ይሆናል። ከፊት መስተዋት ላይ የሚታይ አንድ ቀጭን ጭረት ሻጩንና ገዢውን ከሚያጨቃጭቀው ያህል ፎቶ አያበላሽም፤ የኋላው መስተዋት ጭረት ግን ያሳስባል።

የዲያፍራሙን ስስ ብረቶች እየከፈቱና እየዘጉ ይዩ። ዘይት የተቀባ የሚመስል ጥቁር እርጥበት ካለባቸው ጉዳቱ እንደ ሌንሱ ዓይነት ይለያያል። በዜኒት ላይ የሚገኘውን ሄሊዮስ 44-2 በመሰለ፣ ዲያፍራሙ በእጅ በሚዘጋ ሌንስ ላይ ዘይቱ ብዙም አይጎዳም። ቁልፉ ሲጫን በቅጽበት መዘጋት ባለበት የጃፓን ሌንስ ላይ ግን ዘይቱ መዘጋቱን ስለሚያዘገየው ፎቶው ከሚገባው በላይ ብርሃን ይገባበታል።

ሻተሩን፣ ማለትም ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባውን መጋረጃ፣ ለመፈተሽ፣ ፊልም አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ክዳኑን ከፍተው ካሜራውን ወደ ሰማይ አቅንተው ከጀርባ በኩል እያዩ በየፍጥነቱ ይጫኑ። በከፍተኛው ፍጥነት መስኮቱ ሙሉ በሙሉ በብርሃን ብልጭ ማለት አለበት፤ በአንድ ጎን ጨለማ ከቀረ መጋረጃዎቹ እኩል አይሄዱም ማለት ነው። በዝግተኛው ፍጥነት የአንድ ሰከንድ ርዝማኔ በጆሮ ይለካል፤ መሃል ላይ ተንቀራፎ የሚቆም ከሆነ ቅባቱ ደርቋል። ዜኒት ኢ የሚጀምረው ከ1/30 ሰከንድ፣ የሚያበቃውም በ1/500 ስለሆነ ዝግተኛ ፍጥነት የለውም ብሎ ሻጩን መክሰስ አይገባም። በፌድ 3 እና በዞርኪ 4 ላይ ደግሞ ጥብቅ ደንብ አለ፤ የፍጥነት መምረጫው የሚዞረው ፊልም ማጠንጠኛው ከተሳበ በኋላ ብቻ ነው። ሳይሳብ ማዞር ውስጡን ሊሰብር ይችላል፤ ዕቃውን ገና ሳይገዙ ሰብሮ መክፈል ደግሞ ደስ አይልም። እንደ ፌድና ዞርኪ የጨርቅ መጋረጃ ባላቸው ካሜራዎች ሌንሱን ነቅሎ የስልክ መብራት ከፊት በማብራት፣ ከጀርባ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ማየትም ያስፈልጋል፤ መጋረጃው ላይ እንደ ከዋክብት ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ከታዩ ጨርቁ ተበስቷል።

የባትሪ ቤቱን ክዳን በሳንቲም ከፍተው ይመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ባትሪ ፈስሶበታል፤ ቀለል ያለው በኮምጣጤ ወይም በሎሚ በራሰ ጥጥ ይጠረጋል፣ ሽቦውን የበላ ግን ጠጋኝ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ካሜራዎች በሁለት ይከፈላሉ። ዜኒት፣ ፔንታክስ ኬ1000 እና ኒኮን ኤፍኤም2 ያለ ባትሪም ያነሣሉ፤ ባትሪው የብርሃን መለኪያውን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ በዜኒት ኢ ላይ ያለው የሴሌኒየም መለኪያ ደግሞ ጭራሹን ባትሪ አይፈልግም። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን ኤኢ-1 ግን ያለ 6 ቮልት ባትሪ ፈጽሞ አይተኮስም። ስለዚህ «ሞቷል» ተብሎ በርካሽ የቀረበ ኤኢ-1 የጎደለው ባትሪ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አራት ኤልአር44 ባትሪዎች በቁመት ተደርድረው በወረቀት ቢጠቀለሉ ለሙከራ ይበቃሉ። እነዚህን ባትሪዎች ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ የቆራጥ ገዢ ምልክት ነው። ሲተኮስ እንደ ሳል የሚያጉተመትም ድምፅ ከሰማችሁ የዚህ ካሜራ የታወቀ በሽታ ነው፤ ቅባት ይጠይቃል እንጂ መጣያ አያስገባም።

የጀርባ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለው ስፖንጅ በጃፓን ካሜራዎች ላይ በዕድሜ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ይህ ለዋጋ ክርክር ጥሩ ምክንያት ነው፤ ለጥገና ግን ቀላል ነው፤ በጠባቡ ቦይ ውስጥ ጥቁር የሱፍ ክር ቢገባበት ብርሃን ይከለክላል።

ስለ ማጭበርበር ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው «ላይካ» የሚል የውድ ጀርመን ካሜራ ስም የተቀረጸበት ፌድ ወይም ዞርኪ ነው። እነዚህ ካሜራዎች በቅርጻቸው የላይካ ቅጂ ስለሆኑ ስም ለመቀየር ያመቻሉ፤ አንዳንዴም ወርቅማ ቀለም ተቀብተው የጦር ሠራዊት ምልክት ይታተምባቸዋል። ሌንሱን ነቅላችሁ ወደ ውስጥ ብትመለከቱ፣ ርቀት መለኪያውን የሚነካው ክፍል በእውነተኛው ላይካ ላይ የሚሽከረከር ክብ መንኮራኩር ሲሆን በሶቪየቱ ላይ ግን ሾጠጥ ያለ ድፍን ብረት ነው። ወርቅ የተቀባ ከሆነ ይህን ሳይመለከቱም ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛው ካኖማቲክ ወይም ኦሊምፒያ የሚሉ ስሞች የተጻፉበት የፕላስቲክ ካሜራ ነው። ትልቅ ሌንስ የያዘ ይመስላል፣ ሲነሣም ይከብዳል፤ ክብደቱ ግን እንዲከብድ ተብሎ ከታች ከተጨመረ ብረት የመጣ ነው። ሌንሱን ዙሪያውን ብታዞሩት ምንም አይለወጥም። ለልጅ መጫወቻ ካልሆነ በቀር ዋጋ የለውም።

የዕድሜ መለያም አለ። በአብዛኛው የሶቪየት ካሜራ ላይ የተከታታይ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የተሠራበትን ዓመት ያመለክታሉ፤ በ78 የሚጀምር ዜኒት በ1978 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ይህንን ወደ ኒኮን ኤፍ መውሰድ ግን ስሕተት ነው፤ ያ ካሜራ በ1959 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቁጥሩ ከ64 ስለ ጀመረ 64 ማለት 1964 ማለት አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. የሞስኮ ኦሊምፒክ ምልክት ያለበት ዜኒትም «ብርቅ ነው» እየተባለ ይቀርባል፤ በብዛት ስለ ተሠራ የሚጨምረው ዋጋ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ተመኑ። በኢንተርኔት የሚታየው «እሸጣለሁ» የሚል ዋጋ ምኞት እንጂ ዋጋ አይደለም። በኢቤይ ላይ ተሽጠው ያለቁትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ መርጦ፣ ተመሳሳይ ሞዴልና ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ በርካታ ሽያጮችን አይቶ መካከለኛውን መያዝ ያስፈልጋል። ወደ ብር ሲለወጥም የዕለቱ ምንዛሪ ይወሰዳል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ከዚያ በፊት የተሰማ የብር ዋጋ ዛሬ ምንም አይነግርም። ከዚያ ወደ ኋላ ይቀነሳል። ቁጥሮቹ ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው፦ ተፈትሾ የሚሠራ አንድ ካሜራ 12,000 ብር ያወጣል እንበል። ለሙከራ ፊልምና ለማሳጠቢያ 3,000፣ ለስፖንጅ 1,000፣ ለሌንስ ጽዳት 2,500 ብር ቢቀነስ 5,500 ብር ይቀራል። ላልታየው ችግር ደግሞ ሲሦውን መቀነስ ልማዴ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቃል ወደ 3,700 ብር ይሆናል። ሻጩ ራሱ ፊልም አንሥቶበት ውጤቱን ካሳየ ግን የሙከራው ወጪና ሲሦው ቅናሽ ይነሣሉ፤ ያ ሰው ሥራውን ስለ ሠራ ሊከፈለው ይገባል።

በዚህ ስሌት ሲታዩ ደረጃቸው ይለያል። ላይካ ኤም3፣ ሃሰልብላድና ሮሌይፍሌክስ ቢበላሹም ጥገናቸው ያዋጣል። ኒኮን ኤፍኤም2 እና ያሺካ ማት-124ጂ እየሠሩ ከተገኙ ጥሩ ዋጋ ይገባቸዋል። ኬ1000 እና ኤኢ-1 በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስለ ተመረቱ ሁኔታቸው ሁሉን ይወስናል። ዜኒትና ፕራክቲካ ላይ ግን ከአካሉ ይልቅ ሌንሱ ይበልጣል፤ የሁለቱም የሌንስ መግጠሚያ ብዙ ጊዜ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥምዝ ስለሆነ ሌንሶቻቸው በአስማሚ በዛሬ መስታወት አልባ ዲጂታል ካሜራዎች ላይ ይገጠማሉ፣ ሄሊዮስ 44-2ን የሚፈልጉም ብዙ ናቸው። አካሉ የሞተ፣ ሌንሱ የጠራ ዜኒት መግዛት ስለዚህ ሞኝነት አይደለም። ፕራክቲካ ላይ ዶሚፕላን ሌንስ ካለ ተራ ነው፤ ፓንኮላር ካለ ዋጋው ከፍ ይላል፤ የቢ ተከታታይ ፕራክቲካ ግን ጥምዙ ስለሌለው ይህ አይሠራበትም። የዲስክና የኤፒኤስ ካሜራዎችን አትግዙ፣ ፊልማቸው ቀርቷል።

ዋጋ ሲነጋገሩ ጉድለቱን ለሻጩ ማሳየት ዕቃውን ከማጣጣል ይሻላል። በስልክ መብራት ሻጋታውን ያየ ሰው ራሱ ዝቅ ይላል፤ «ይሄ ቆሻሻ ነው» የተባለ ግን የአባቱ ዕቃ ስለ ተሰደበበት ይዘጋል። ዋጋውን የማያውቁ እማማ ላይካ በስኳር ዋጋ ቢያቀርቡ፣ ምን እንደሆነ ነግሮ በተገቢ ዋጋ መግዛት ይገባል፤ በመንደር ውስጥ ወሬ ፈጣን ነውና ከእማማ ጎረቤት ሁለተኛ ካሜራ የሚገኘውም እንዲህ ነው። ዋጋ ካለው ዕቃ ላይ የተከታታይ ቁጥሩን የያዘ አጭር ውል በምስክር ፊት መጻፍ የተሰረቀ ነው የሚል ክርክር ያስቀራል።

የተገዛው ካሜራ ወደ ቆዳ ማኅደሩ መመለስ የለበትም፤ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል በገባበት፣ በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጥ፣ ሻጋታ የታየበት ሌንስም ለብቻው ይሁን። ለሙከራ ጥቁርና ነጭ ፊልም የተሻለ ነው፤ ዲ-76 በመሰለ ማጠቢያ በ20 ዲግሪ ሙቀት በቤት ስለሚታጠብ፣ የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየርም ይህን ያመቻቻል። ኔጋቲቩ ሲደርቅ የሚነበበው ግልጽ ነው። ከፎቶው ክፈፍ አልፎ እስከ ፊልሙ ጥርስ የደረሰ ጥቁር ጥላ ከታየ ክዳኑ ብርሃን ያስገባል። በየፎቶው ተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚደጋገም ጥቁር ነጥብ ካለ መጋረጃው ተበስቷል። በከፍተኛ ፍጥነት የተነሡት ብቻ በአንድ ጎናቸው የሳሱ ከሆነ ደግሞ መጋረጃዎቹ እኩል አይሄዱም። የመጀመሪያው በሱፍ ክር ያልቃል፤ የቀሩት ሁለቱ የካሜራ ጠጋኝ ይፈልጋሉ፤ ሌላው ሰው ካሜራውን ከእርስዎ ሲገዛ የሚያሳምነውም ይኸው የኔጋቲቭ ቁራጭ ስለሆነ ከካሜራው ጋር በፖስታ ተደርጎ ይቀመጥ።